የሌሊት ተረኛ ልጆች

በልጅነቴ ፋሲካ ሁለት ነበር። አንደኛው አገር ሁሉ የሚያከብረው ነው፤ በዚያ ቀን እማዬ የለችም። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ ሕዝብ ስታስተናብር አድራ፣ ጠዋት ስትገባ የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ ሳትፈታ አልጋው ላይ ድፍት ትላለች። ዶሮው እሷ ስትነቃ ይበላል ተብሎ ይቆያል፤ ስትነቃ ደግሞ የማታ ተረኛ ናት። ሁለተኛው ፋሲካ በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ይመጣል። የእኛ የልጆቹ እውነተኛ ፋሲካ ያ ነበር። ጥምቀትም እንደዚያው ነው፤ ጃንሜዳ ሕዝቡን ሲጠብቁ ይውሉና የእነሱ ጥምቀት እረፍት ሲገኝ ይከበራል። መስቀሉም፣ ዒዱም እንዲሁ። «የፖሊስ በዓል ከሰው በዓል ሳምንት ይዘገያል» ይሉ ነበር፤ ሲሉትም እየሳቁ ነው።

ያንን የዘገየ በዓል የሚያከብሩት ሴቶች የእማዬ ማኅበርተኞች ናቸው። ሁሉም ፖሊሶች ነበሩ፤ ገሚሶቹ በሥራ ላይ ያሉ፣ ገሚሶቹ ጡረታ የወጡ። ስለ ሴት ፖሊስ ሲነሣ አንድም ስለ ጀግንነቷ ይወራል፣ አንድም ስለ መከራዋ። እኔ የማውቃቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ስለ አምስት ብር መዋጮ ሲከራከሩ ነው።

ያደግሁት ኮልፌ አካባቢ፣ በፖሊስ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። ቤቶቹ በረድፍ የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ናቸው፤ እዚህ ቤት ሲያስነጥሱ እዚያ ቤት «ይማርሽ» ይባላል። ኮልፌ ለፖሊስ ሰው የማሠልጠኛና የፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚያ ነበር፤ ካስተማሩት መካከልም ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ይገኙበታል። ማንዴላ በ1982 ዓ.ም. ከእስር ተፈትቶ ስሙ በየሬዲዮው ሲጠራ፣ ሠፈራችን ውስጥ ማንዴላን ተኩስ ያላስተማረ ቤተሰብ ጠፋ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ «የእኔ አጎት ሻይ አፍልተውለታል» ብትል፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ቀና ብላ «አጎትሽ ያኔ ሐረር አልነበሩም እንዴ?» አለቻት። የማኅበሩ ጸሐፊ ሁሉን ነገር የምታስታውስ ሴት ነበረች። እኛ ልጆቹ «እትዬ መዝገብ» እንላታለን።

ማኅበሩ ለምን እንደተቋቋመ ከእማዬ አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መነሻው የዕድር ቅጣት ነው። የሠፈር ዕድር አባሉ ቀብር ላይ ካልተገኘ ይቀጣል፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይመዘገባል። ሴት ፖሊስ ደግሞ ጎረቤቷ በሚቀበርበት ሰዓት ሴት እስረኛ አጅባ ፍርድ ቤት ቆማለች፤ ወይም ስታዲየም በር ላይ ሴቶች ትፈትሻለች። «ሥራ ላይ ነበርኩ» ስትል የዕድሩ ዳኛ «እኛስ መቼ ሥራ ፈታን?» ይላታል። የሚያንገበግባት ገንዘቡ አይደለም፤ ለቅሶ የማትደርስ ሴት መባሉ ነው። ለዚህ ስም በእኛ አገር መድኃኒት የለውም። በዚያ ላይ ጎረቤቱ እሷ ስትገባ ወሬውን ያቋርጣል። ቡና ሲጠሯት እንኳ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ነው የሚጫወቱት፤ የሰው ስም አይነሣም። ቡና ላይ የሰው ስም ካልተነሣ ምኑ ቡና ሆነ?

እናም ጥቂቶቹ ተሰባሰቡና «የተራ ድልድል የሚያውቅ ዕድር ይኑረን» አሉ። ዕድሩ ዕቁብ ጨመረ፤ ዕቁቡ የወር ማኅበር ሆነ። እኔ ነፍስ ሳውቅ፣ በ1970ዎቹ ውስጥ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ነበሩ።

ዘመኑ ስብሰባ የበዛበት ነው። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ የምንለው፣ በየቀበሌው ይሰበስባል። መፈክር አለ፣ ግራ እጅ ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ቤት። የእነ እማዬ ማኅበር መፈክር አልነበረውም። ደንብ ግን ነበረው፤ ለዚያውም ከጣቢያው የባሰ። ደመወዝ ከወጣ በኋላ ባለው የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ። ከሥራ ቀጥታ የመጣች ቆቧንና ቀበቶዋን አውልቃ የባለተራዋ አልጋ ላይ ታስቀምጣለች። ቆቦቹ አልጋው ላይ ሲደረደሩ እኛ ልጆቹ አንዱን ከአንዱ እየቀያየርን እንደፋለን። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በማዕረግ መጠራራት ያስቀጣል፤ 25 ሳንቲም። «ጓድ» ማለትም እንደዚያው። ስለ እስረኛ ወይም በምርመራ ላይ ስላለ ጉዳይ ያወራች አንድ ሙሉ ብር ትከፍላለች፤ ለዚህ ምሕረት አልነበረም።

አንድ ጊዜ የሻምበልነት ማዕረግ ያላት ሴት ከክፍለ ሀገር ተዛውራ መጣችና ማኅበር ገባች። የመጀመሪያዋ እሑድ ናት። አንዲት ተራ ወታደር እንደ ልማዷ ብድግ ብላ «ሻምበል፣ እዚህ ይቀመጡ!» አለች። የማኅበሩ ዳኛ ሳትውል ሳታድር «25 ሳንቲም» አለቻት። ሻምበሏ ደንገጥ ብላ «ኧረ እኔ ልክፈልላት» ብትል፣ «የሰው ቅጣት መክፈል ሌላ 25 ሳንቲም ያስቀጣል» ተባለች። ሻምበሏ ቦርሳዋን እየፈተሸች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ከማኅበሩ ያልቀረች ሴት እሷ ነበረች። እማዬ ስትነግረኝ፣ ከዚያች ቀን በፊት ሻምበሏ ስትስቅ ያየ አባል አልነበረም።

የእትዬ መዝገብን ደብተር ባገኘው ዛሬም ተቀምጬ ባነበብኩት። ሳምንቱን ሙሉ ጣቢያ ውስጥ የዕለት ሁኔታ ስትጽፍ ትሰነብትና እሑድም እጇ ከዚያ አይወጣም። «በዛሬው ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን አንዲት አባል ዘግይታ የደረሰች ሲሆን፣ የዘገየችበት ምክንያት ስትጠየቅ ታክሲ ማጣቷን በሰጠችው ቃል ገልጻለች። ቃሏ በማስረጃ ስላልተደገፈ 50 ሳንቲም ተቀጥታለች።» ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዷ ወለደች። እትዬ መዝገብ ጮክ ብላ አነበበች፦ «አባሏ ትናንት ሌሊት በፖሊስ ሆስፒታል አንድ ወንድ ልጅ የተገላገለች ሲሆን፣ እናትና ልጅ በአሁኑ ሰዓት በቁጥጥር ሥር ይገኛሉ።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን መነጽሯን አስተካክላ «ምን ያስቃል? ተኝተዋል እኮ ነው ያልኩት» አለች።

ቡና የጠፋበት ዘመን ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ገብስ ቆልቶ በቡና ስም የሚጠጣ ቤት ብዙ ነው። ስኳሩ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው። ስለዚህ የማኅበሩ እሑድ ሲደርስ እያንዳንዷ ከቤቷ በወረቀት ጠቅልላ ያለቻትን ታመጣለች፤ አንዷ እፍኝ ቡና፣ አንዷ ስኳር፣ አንዷ ባዶ እጇን። ባዶ እጇን የመጣችውን ማንም አይጠይቃትም፤ ሁሉም ነገር በሚመዘገብበት ቤት ያ ብቻ አይመዘገብም ነበር። የሚጠቀለልበት ወረቀት ብዙውን ጊዜ «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ ነው። ማንበብ የተማርኩት በከፊል ከዚያ ነው፤ ሌባውና ቀማኛው የቡና ሽታ ይሸተኛል።

ምግቡ አብዛኛውን ጊዜ የጾም ነበር። ኮልፌ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ሠፈር ነውና ከአባላቱ ሙስሊሞች ብዙ ነበሩ። በየወሩ ሁለት ዓይነት ሥጋ ከማብሰል፣ አንዷ ከአንዷ ሳህን ከምትሸሽ፣ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና የሱፍ ፍትፍት ይሁን ተባለ። ጠላ ለሚጠጡት ጠላ፣ ለማይጠጡት ብርዝ። በዳግማይ ትንሣኤና ከዒድ በኋላ ባለው እሑድ ብቻ ሁለት ድስት ዶሮ ይጣዳል። ልጆች ከሁለቱም ድስት ለመቅመስ የምናደርገውን ሽቅድምድም እናቶቻችን አይተው እንዳላዩ ያልፉት ነበር።

ዘፈንም አይቀርም። ሂሩት በቀለን እንደ ራሳቸው እህት ነበር የሚያዩአት፤ በፖሊስ ኦርኬስትራ ለረጅም ዘመን የዘፈነች ናትና «የእኛ ናት» ይሏታል። የክብር ዘበኛ ሰው ጥላሁን ገሠሠን ቢያነሣባቸው ሂሩትን ጠርተው ነው የሚመልሱት። ከመካከላቸው አንዲት ትራፊክ ነበረች፤ «እትዬ ትራፊክ» ነው የምንላት። ድምፅዋ ያን ያህል አልነበረም፤ እጇ ግን ይናገራል። ቀኑን ሙሉ አደባባይ ላይ ስታስቆምና ስታሳልፍ ስለምትውል ቤት ውስጥም በእጇ ነው የምታዘው። መዳፏን ስታነሣ ልጆች ባለንበት እንቆማለን፤ በጣቷ ስትጠራ የተጠራው ብቻ ይሄዳል። ስትዘፍንም እንደዚያው፤ ተቀባዮቹን እንደ መኪና ታስተናግዳቸዋለች። ሂሩት በ2015 ዓ.ም. ስታርፍ በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣችው ራሷ ሂሩት ሳትሆን እትዬ ትራፊክ ናት።

ይህ ሁሉ ግን ጨዋታው ነው። ማኅበሩን ማኅበር ያደረገው የሌሊቱ ጉዳይ ነበር።

ፖሊስ እናት ሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጇ የት ያድራል? አባት ካለ እሱም ምናልባት ፖሊስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙዎቹ አባቶች ወደ ሰሜኑ ጦርነት ተልከዋል። አያት ገጠር ናት። ሠራተኛ ለመቅጠር ደመወዙ አይበቃም። ስለዚህ እሑድ ዕለት፣ ዕቁቡ ከወጣ በኋላ፣ የወሩ የሌሊት ተራ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ማን ሌሊት ትገባለች፣ የማን ልጆች ማን ቤት ያድራሉ። ያችን ወረቀት የምታወጣው ጡረታ የወጣች ሃምሳ አለቃ ነበረች። ልጆች «እማማ ሃምሳ» እንላታለን፤ ቅጣቱ እኛን ስለማይመለከት። የልጅነቴን ግማሽ ሌሊት ያደርኩት እሷ ቤት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰፊ ፍራሽ፣ አንድ ወፍራም ጋቢ፣ የተደራረቡ እግሮች። የማን ልጅ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ጠዋት ፊት ስንታጠብ ነው።

እማማ ሃምሳ ጡረታ ወጥታም ፖሊስነቷን አልተወችም። ማታ ስም ትጠራለች፤ «አቤት» የማይል ልጅ አይተኛም። ለሽንት መውጣት የሚፈራ፣ ጨለማ የሚፈራ፣ እናቱን እየጠራ የሚያለቅስ፣ ለሁሉም መላ አላት። ለእኔ የነበራት መላ ይህ ነው፦ እማዬ ያለችበትን ጣቢያ ስም ትነግረኝና «አሁን በር ላይ ቆማለች፤ አሁን መዝገብ ትፈርማለች፤ አሁን ሮንድ ወጥተዋል» እያለች የሌሊቱን ሥራ በሰዓቱ ታስቆጥረኛለች። «ሮንዱ ሲመለስ» ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። የሰዓት እላፊው ዘመን ስለነበር ውጪ ድምፅ የለም፤ ከተማው ሁሉ ተዘግቶ እናቶቻችን ብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር። ይህ ያኮራን ነበር። ትምህርት ቤት «እናትህን ሌሊት አየኋት» ብሎ የሚሳደብ ልጅ ሲመጣ «አዎ፣ ፖሊስ ናት፤ አንተን ስትጠብቅ ነው» ብለን እንድንመልስ ያስጠናችን እማማ ሃምሳ ናት።

መርዶውንም አልረሳውም። ከማኅበርተኞቹ የአንዷ ባል ሰሜን ወደቀ። ወሬው ቀድሞ ጣቢያ ደርሷል፤ እሷ ግን አልሰማችም፤ ያን ሌሊት ተረኛ ናት። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሥራ ላይ ሳለች ከሰው አፍ እንዳትሰማ ደግሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። እትዬ ትራፊክ በእሷ ፈንታ ልትገባ ሄደችና «ልጅሽ ትንሽ አተኩሶታል፤ እኔ ልቆይልሽ፣ ቤት ግቢና ተኚ» ብላ ሸኘቻት። ንጋት ላይ እማዬና እማማ ሃምሳ፣ ሌሎችም፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሲሰለፉ ከፍራሹ ቀና ብዬ አየኋቸው። ከውስጥ ካኪ የለበሰች ነበረች፤ ከዚያው ወደ ሥራ ልትሄድ። እማማ ሃምሳ በሩን ከመክፈቷ በፊት ዞር ብላ አየቻቸውና በሰልፍ ድምፅ ሳይሆን በሹክሹክታ «ማንም ቀድማ እንዳታለቅስ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ግድግዳው ነገረን።

ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው፣ ሁሉም በማኅበሩ ነበር። የሟቹ ልጆች ለብዙ ጊዜ በዚያችው የሌሊት ወረቀት ላይ «ቋሚ» ተብለው ተጻፉ፤ እናታቸው ሌሊት ተረኛ ሆነች አልሆነች እማማ ሃምሳ ጋር እንዲያድሩ። ዛሬ አንደኛው ሐኪም ነው። የማኅበሩን አሮጊቶች ነፃ ያክማል ቢባል ያምራል፤ እውነቱ ግን ያስከፍላቸዋል፣ እነሱም «ሙያህ ነው፣ ትከፈላለህ» ብለው ይከፍሉታል። ደንብ ደንብ ነው።

የማኅበሩን ጉልበት ያየሁበት ሌላም ቀን አለ። አንዲት ወጣት ኮንስታብል፣ ይህ እንግዲህ ብዙ ቆይቶ፣ የፖሊስ ማዕረግ ስም ከተለወጠ በኋላ ነው፣ አለቃዋ በተደጋጋሚ ቡና ሊጋብዛት ፈልጎ አልቀበል ብትለው የሌሊት ተራ ደራረበባት። አቤቱታ ብትጽፍ ማን ጋ ይደርሳል? ለእሑዱ ማኅበር አነሣችው። በማግስቱ ሁለት ጡረተኞች ነጭ በነጭ ለብሰው ጣቢያው በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ምን ልርዳችሁ፣ እናቶች?» «ምንም፣ ልጃችንን ልናይ ነው።» በነጋታውም መጡ። አለቃው በወጣ በገባ ቁጥር «ደህና አደርክ ልጄ?» ይሉታል፤ ከመካከላቸው አንዷ እሱን ራሱን ምልምል ሳለ ታውቀው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ድልድሉ ተስተካከለ። በጽሑፍ የቀረ ነገር የለም። እንዲህ ያለው ነገር በደብዳቤ ሲፈታ አይቼ አላውቅም፤ በእነዚያ ሁለት ነጠላዎች ግን ሲፈታ አይቻለሁ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ደርግ ሲወድቅ ብዙ ነገር ፈረሰ። ብዙ ፖሊሶች ከሥራ ወጡ፤ ደመወዝ ቆመ፤ ነገ ምን ይመጣል የሚለውን የሚያውቅ አልነበረም። ደመወዝ ከሌለ «ደመወዝ ከወጣ በኋላ ያለው እሑድ» የሚባል ቀን የለም። እትዬ መዝገብ ግን ደብተሯን ይዛ መጣች፤ ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ ይሁን አለች፤ መዋጮው ከ5 ብር ወደ 1 ብር ወረደ። ዕቁቡ ለተቸገረች ያለ ዕጣ እንዲሰጥ ተወሰነ። እማዬ አጣና ተራ አካባቢ ሽንኩርትና ቃሪያ ይዛ ጉሊት ተቀመጠች። ስትሸጥ እንኳ ወገቧ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ደንበኞቿ «ሴትዮዋ ትቆጣለች እንጂ ሚዛኗ አያታልልም» ይሏት ነበር። አንዷ ደግሞ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። ሌባ ስታስር የኖረች ሴት የሰው ወለል ስትወለውል ምን ይሰማት እንደነበር ለማንም አልነገረችም። መዋጮዋ ግን አልተቋረጠም፤ ሰው ስታገኝ የስድስት ወሩን በአንድ ላይ ትልካለች፤ ዘግይቷል ተብሎ ደግሞ ትቀጣለች፤ ቅጣቱንም ትልካለች።

በኋላ የተወሰኑት ወደ ሥራ ተመለሱ። ፖሊሱ እንደ አዲስ ሲደራጅ ሃምሳ አለቃና ሻምበል ቀርተው ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር መጡ። አሮጊቶቹ ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው፤ «ሳጅን» ሲሉ የጣልያን ሰው ስም የሚጠሩ ይመስላሉ። ፌዴራል ፖሊስና አዲስ አበባ ፖሊስ ሲለያዩም የማኅበሩ አባላት ለሁለት ተከፈሉ። ማኅበሩ ግን አልተከፈለም። ማዕረግ በሌለበት ቤት የማዕረግ መለወጥ ምን ያመጣል?

ካደግሁ በኋላ እንዲህ ያለው ነገር ሌላም ዘንድ እንዳለ አነበብኩ። አሊስ ስቴቢንስ ዌልስ የምትባል ሴት በአውሮፓውያን 1910 በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሆና ቃለ መሐላ ፈጸመች፤ በ1915 የሴት ፖሊሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረተች። ያ ማኅበር በ1932፣ በዚያ በኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን፣ ፈረሰና እንደገና የተቋቋመው በ1956 ነው። ዛሬ ትልቅ ድርጅት ነው፤ ጉባኤ አለው፣ ሽልማት አለው። ለእማዬ ስነግራት ሌላውን ሁሉ ትታ «ሃያ አራት ዓመት ተቋረጠ?» አለችኝ። «አዎ።» ትንሽ አሰበችና «ቅጣት አልነበራቸውማ» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አሁን ሳስበው እማዬ ልክ ናት። መዋጮ ሰውን ያሰባስባል፤ የሚያቆየው ግን ስትቀሪ የሚጠራ ስምሽ ነው። የቀረችውን «ምን ሆና ይሆን» ብሎ ቤቷ ድረስ የሚሄድ ሰው የሚኖረው፣ መቅረቷን ከመጀመሪያው የጻፈ ሰው ሲኖር ነው።

እማዬም ጡረታ ወጣች። ያኔ ነው የማኅበሩ ሁለት ወገን እንዴት እንደሚተጋገዝ በደንብ ያየሁት። ጡረተኞቹ በሥራ ላይ ያሉትን አባላት ልጆች ያሳድራሉ፤ በሥራ ላይ ያሉት ደግሞ የጡረታ ወረቀት ያስጨርሳሉ፣ ሆስፒታል ወረፋ ይይዛሉ፣ ጡረታ በሚወሰድበት ቀን አሮጊቶቹን ባንክ ድረስ ይሸኛሉ። ወጣቶቹ ስለ ሕፃናት ጉዳይ ክፍል፣ ስለ ተደፈረች ልጅ ቃል አቀባበል፣ ለሰላም ማስከበር ስለ መሄድ የሚያወሩት አሮጊቶቹ ያልኖሩበትን ሥራ ነው። አሮጊቶቹ ግን ይሰማሉ። ስም ሲጠራ ብቻ «አንድ ብር!» ይላሉ፤ ቅጣቱ አንድ ብር ላይ እንደቆመ ነው፤ ይጨመር ቢባል «ብሩ ረከሰ ብለን ደንብ አንቀይርም» ብለው እምቢ አሉ።

አሁን ሠፈሩ ተበትኗል። አንዷ ጀሞ፣ አንዷ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዷ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሄዳለች። መዋጮው በቴሌብር ይገባል፤ ይህን ያመጡት ወጣቶቹ ናቸው፣ እትዬ መዝገብም ብትኖር ትቃወም ነበር ብዬ አላስብም፤ ደረሰኙ ሰዓቱን ሳይቀር ይጽፋልና። የሌሊቷ ወረቀት ግን አስቸጋሪ ሆናለች። ከየካ አባዶ ጀሞ ልጅ ወስዶ ማሳደር አይቻልም። ግድግዳ የምትጋራሽ ጎረቤት ስምሽን ሳታውቅ በምትኖርበት ሕንፃ ውስጥ አንዲት ወጣት ሳጅን የአራት ዓመት ልጇን ለስምንት ዓመት ልጇ አደራ ሰጥታ፣ በሩን ከውጪ ቆልፋ ሌሊት እንደምትገባ ባለፈው እሑድ ሰምቻለሁ። ማኅበሩ በየኮንዶሚኒየሙ ያሉ ጡረተኞችን ስልክና የሕንፃ ቁጥር እየሰበሰበ ነው፤ ጀሞ ላይ ሦስት እናቶች ተገኝተዋል፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ገና አንዲት።

አንባቢ ሆይ፣ ፖሊስ መሆን አይጠበቅብህም፣ አይጠበቅብሽም። በሕንፃችሁ ማታ ማታ የደንብ ልብሷን ለብሳ የምትወጣ እናት ካለች፣ ልጆቿ ዛሬ የት እንደሚያድሩ ጠይቋት።